በዛፉ ላይ የቀሩት ደረቅ ኮኮች

ባለቤቴ ጌታሁን በሞተ በአሥረኛው ወር፣ በነሐሴው የእድር ስብሰባ ላይ፣ ኦቦ ደበላ ብድግ አሉና «ጌታሁን በሽታ ተክሎብን ነው የሄደው» አሉ።

የእድራችን የቆርቆሮ አዳራሽ አቃቂ ነው። እኔ ከሴቶቹ ጋር ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጫለሁ፤ የሐዘን ልብሴን ገና አላወለቅሁም። ማንም ዞሮ አላየኝም። አለመዞራቸው ራሱ መኖሬን እንደሚያውቁ ነገረኝ። ሊቀ መንበሩ «ኦቦ፣ እባክዎ፣ የሞተ ሰው አይከሰስም» ብለው ሊያበርዱ ሞከሩ። ኦቦ ደበላ ግን አልተቀመጡም።

«እኔ የሞተ ሰው አልከሰስኩም። ሰባ ዛፍ ነው ያለኝ። ሰባውም ላይ ያለው ኮክ አመድ ለብሶ በሰበሰ። ቅርንጫፉን የሰጠኝ ማነው? እሱ ነው። ለሸምሱስ የሰጠው? እሱ ነው። ሌላ ምን ልበል?»

ሸምሱ የሰፈራችን ባለ ሱቅ ነው፤ ከስልጤ መጥቶ እዚህ ከከተመ ቆይቷል። በር አጠገብ ቆሞ ነበር። ወደ መሬት እያየ ራሱን ነቀነቀ።

ኦቦ ደበላ የአካባቢው ነባር ገበሬ ናቸው። እርሻቸው ቀስ በቀስ ለመጋዘንና ለፋብሪካ ሄዶ የቀራቸው ወንዙ ዳር ያለው የኮክ ማሳ ነው። ጌታሁን ደግሞ መጀመሪያ በችግኝ ጣቢያ፣ በኋላም በአንድ የእፅዋት ላቦራቶሪ የሠራ ሰው ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከግቢያችን የኮክ ዛፍ ቅርንጫፍ እየቆረጠ፣ የኦቦ ደበላን አሮጌ ግንዶች እየሰነጠቀ አጣበቀላቸው። ለጎረቤቱም እንዲሁ። በመንገድ ስንሄድ ከሰው አጥር በላይ የወጣ የኮክ ቅርንጫፍ ካየ «ይህቺም የእኛ ልጅ ናት» ይለኝ ነበር። ልጅ አልወለድንም።

እኔ ሃያ ስምንት ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ከዚያ ስብሰባ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ልብስ ማጠብ እጀምርና ዘፍዝፌው እወጣለሁ። ባቡሩ ሥራ ከጀመረ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር፤ እስከ ቃሊቲ ጣቢያ በእግሬ እሄድና ሳልሳፈር እመለሳለሁ። ሸምሱ ሱቅ ስደርስ ወሬ ይቋረጣል። ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ሙት ዓመቱ ነበር፤ ጥቅምት ሊገባ ነው። ድንኳን ጥዬ ማን ይመጣል? ስሙ በዚህ ዓይነት እንደቆሸሸ ዓመቱ እንዲወጣ አልፈለግሁም።

በመጨረሻ ሂሩት ጋ ደወልኩ።

ሂሩት ጌታሁን ላቦራቶሪ ውስጥ እጇን ይዞ ያሠለጠናት ልጅ ናት። ዛሬ እሷ ተመራማሪ ናት፤ እፅዋትን የሚያሳምሙ ፈንገሶችን ዲኤንኤ ታነባለች። መጥታ ዛፋችንን ዞራ አየች። የዘንድሮው ፍሬ ቡናማ ሆኖ በስብሶ በላዩ አመድ የመሰለ ብናኝ አውጥቶ ነበር። ከእሱ ጋር የአምናው ፍሬም ደርቆ፣ ጠቁሮና ተጨማትሮ ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥሏል። ከደረቆቹ አንዱን ወሰደች። ከሸምሱ ጓሮና ከኦቦ ደበላ ማሳም ወሰደች። ኦቦ ደበላ «ውሰጂ፣ ከፈለግሽ ሁሉንም ውሰጂ፣ ለእኔ ምን ይሠራልኛል፤ ዛፎቹንም ልቆርጣቸው ነው» አሏት።

«እትዬ አልማዝ፣ ጋሽ ጌታሁን የቆየ ናሙና አስቀምጠው ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ።

መሳቢያውን ከሞተ ጀምሮ አልከፈትኩትም ነበር። እሷ ከፈተችው። ከብዙ ወረቀት መካከል አንድ ካኪ ፖስታ ወጣ። ውስጡ ደረቅ ኮክ አለ። በላዩ የሱ ጽሑፍ አለ፤ ከመሞቱ አንድ ዓመት ገደማ በፊት፣ በኅዳር የተጻፈ። «ከራሳችን ዛፍ። አንድ ፍሬ ብቻ ታሟል። ደረቆቹን በሙሉ ለቅሜ አቃጥያለሁ። በሚመጣው ዓመት ይታይ።»

ጽሑፉን በጣቴ መላልሼ ዳሰስኩት። ሂሩት ግን ፖስታውን እንደ ዕንቁላል በሁለት እጇ ይዛ «እትዬ፣ ይህ ካለ ጥያቄው መልስ ይኖረዋል» አለችኝ።

መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደወለች። ድምፅዋ ይቆራረጣል።

«እትዬ፣ ናሙናው ተዘጋጅቷል፤ ላቦራቶሪው ግን መብራት የለውም። ጄኔሬተራችንም ተበላሽቷል። የእናንተ ቤት መስመሩ የፋብሪካው አይደል?»

ነው። በእኛ ረድፍ ያሉት ቤቶች ከፋብሪካው መስመር ስለተቀጠሉ መብራት ብዙ አይጠፋብንም።

«ነይ» አልኳት።

በላዳ ታክሲ መጣች። በአንድ እጇ ላፕቶፕ፣ በሌላው በረዶ የተሞላ ፔርሙስ ይዛለች። ማሽኑን ሳየው ደነገጥኩ። ክፍል የሚሞላ ነገር ጠብቄ ነበር፤ ከኪሷ ያወጣችው የመነጽር ማኅደር የሚያህል ነገር ነው። ምግብ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ከላፕቶፑ ጋር በሽቦ አገናኘችው። ከፔርሙሱ ትንሽ ጠብታ በቀጭን መምጠጫ አነሣችና ትንፋሿን ይዛ በማሽኑ ቀዳዳ ጨመረች። እኔም ትንፋሼን ያዝኩ።

«አራቱንም አንድ ላይ ነው የጨመርሽው?»

«አንድ ላይ። ግን በእያንዳንዱ ላይ ምልክት ለጥፌበታለሁ፤ ኮምፒውተሩ ይለያቸዋል። እስከ እሁድ ጠዋት ያነባል። ያለኝ አንድ ንባብ ነው፤ ከተቋረጠ ሌላ የለኝም።»

«ምንድን ነው የሚያነበው? በአማርኛ ንገሪኝ።»

ሳቀች። «ዲኤንኤ አራት ፊደል ብቻ ያለው በጣም ረጅም ጽሑፍ ነው እትዬ። ፈንገሱ በተባዛ ቁጥር ጽሑፉን ይገለብጠዋል። ሲገለብጥ አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይሳሳታል። ያ ስህተት ከእሱ ለሚወለዱት ሁሉ ይተላለፋል።»

«እሱን እኔ አውቀዋለሁ» አልኳት። «የተኮራረጁ ተማሪዎችን የምይዘው በትክክሉ መልስ አይደለም፤ ትክክል ሁሉም ይጽፋል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ስህተት ከሠሩ ነው የምይዛቸው። ሦስተኛው የሁለቱን ስህተት ይዞ የራሱን ከጨመረ ደግሞ ማን ከማን እንደገለበጠ አውቃለሁ።»

ሂሩት አየችኝ። «እትዬ፣ የእኔ ሥራ በሙሉ ይኸው ነው» አለች።

ከዚያ የምንጠብቀውን ነገረችኝ። በሽታው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከቅርንጫፉ ጋር ሄዶ ከሆነ፣ በኦቦ ደበላና በሸምሱ ዛፍ ላይ ያለው ፈንገስ ለየብቻው ዘጠኝ ዓመት ሲሳሳት ኖሯል፤ ስህተታቸው አይመሳሰልም። በቅርቡ ከአንድ ቦታ የመጣ ከሆነ ግን ይመሳሰላል።

ያን ምሽት ሂሩት ሶፋው ላይ አረፈች። እኔ ከጠረጴዛው ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ጠረጴዛ ስመላለስ አየችና «እትዬ፣ ቢመለከቱትም አይፈጥንም» አለችኝ። ስክሪኑ ላይ ብዙ ትንንሽ አረንጓዴ ሳጥኖች አሉ። እያንዳንዱ ሳጥን ዲኤንኤው የሚያልፍበት ቀዳዳ ነው አለችኝ። አንዳንዱ እየጠቆረ ነበር።

«ይኼ ምን ሆነ?»

«ሞተ።»

«ሁሉም ይሞታሉ?»

«ቀስ በቀስ። ከመሞታቸው በፊት በቂ እንዲያነቡ ነው የምንፈልገው።»

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሻይ እየቀዳሁ ሳለ መብራት ጠፋ።

ሂሩት ከወንበሯ ተነሥታ ቆመች። «የላፕቶፑ ባትሪ አርጅቷል። ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ነው።» ነጠላዬን እንኳ ሳላነሣ ወጣሁ።

በሰፈራችን ጄኔሬተር ያለው ሸምሱ ነው። ሱቁ ስገባ ሁለት ሴቶች ዘይት ያስቀዳሉ፤ ዝም አሉ። ጄኔሬተሩ ውጭ እየጮኸ የሱቁን ማቀዝቀዣ ያንቀሳቅሳል።

«ሸምሱ፣ ጄኔሬተርህን አውሰኝ። መብራት እስኪመጣ።»

«ለምን ነው እትዬ?»

«ቤት ውስጥ ማሽን አለ። የኮኩ በሽታ ከየት እንደመጣ የሚናገር።»

«ይናገራል? በአማርኛ?»

«በአራት ፊደል።»

«እኛ ለሱቅ ሁለት ቃል ይበቃናል፤ አለ እና የለም» አለ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። እሱም ፊቴን ሲያይ ሳቁን ተወ።

«እትዬ፣ አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልጠይቅ። ማሽኑ ጥፋቱ የጋሽ ጌታሁን ነው ካለስ?»

ያን ጊዜ ያልኩትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ጥፋቱ የማንም ይሁን፣ ነገ በእድሩ ስብሰባ ላይ ቆሜ እናገራለሁ» አልኩት።

«ወላሂ?»

«እንዴት አድርጌ ልማልልህ? ባትሪው እያለቀ ነው!»

ሸምሱ የማቀዝቀዣውን ገመድ ነቀለ። ከሴቶቹ አንዷ «ኧረ ወተቱ ይበላሻል!» ብትለው «እርጎ ይሆናላ» አላት። ጄኔሬተሩን በጋሪ ጭኖ እየገፋ፣ እኔ ከጎኑ በሩጫ፣ ግቢያችን ደረስን። ገመዱን በመስኮት አስገባን። ሂሩት ስትሰካው ባትሪው ሊሞት ጥቂት ነጥብ ቀርቶት ነበር። ሸምሱ በሩ ላይ ቆሞ ማሽኑን ካየ በኋላ «ይቺ ናት?» አለ። «ይቺን ለመቀለብ ነው ወተቴን ያፈሰስኩት?» መብራት እስኪመጣ ድረስ ግን ነዳጁን እየጨመረ ደጃፌ ላይ ተቀመጠ።

እሁድ ጠዋት ሂሩት ማሽኑን ነቀለች። የአራቱን ናሙና ስህተት እየለየች ላፕቶፑ ላይ ጎን ለጎን ደረደረችው። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከአሥር ዓመት በላይ ቀይ እስክሪብቶ አልያዝኩም፤ ዓይኔ ግን ልማዱን አልረሳም።

«ይህ የመጀመሪያ ንባብ ነው» አለች። «መብራት ሲመጣ ላቦራቶሪ ደግሜ እፈትሸዋለሁ። ግን እትዬ፣ ደስ ይበልዎት። የኦቦ ደበላና የሸምሱ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ዘጠኝ ዓመት የተለያዩ አይደሉም። ጋሽ ጌታሁን የሰጡት ቅርንጫፍ ንጹሕ ነበር።»

አለቀስኩ። እጇን ይዤ ብዙ አለቀስኩ። ዓይኔን ጠርጌ እንደገና ስክሪኑን ሳይ ግን አንድ ነገር ያዘኝ።

«ይህ የትኛው ነው?»

«የፖስታው። ጋሽ ጌታሁን ያስቀመጡት።»

«ይህኛውስ?»

«ከእናንተ ዛፍ የወሰድኩት፣ የአምናው ደረቅ ፍሬ።»

የዛፋችን ደረቅ ፍሬ በፖስታው ውስጥ የሌሉ ስህተቶች ነበሩበት። ጥቂት ናቸው። የኦቦ ደበላም እነዚያን ሁሉ ይዟል። የሸምሱም እነዚያን ሁሉ ይዟል። ሁለቱም ከእነዚያ በላይ አንድ ሁለት የራሳቸውን ጨምረዋል።

«የገለበጡት ከእኛ ነው» አልኩ። «ከፖስታው አይደለም። ከአምናው ደረቅ ነው የገለበጡት።»

ሂሩት ዓይኗን ከስክሪኑ አነሣች። ገብቷት ነበር፤ ከእኔ በፊት ገብቷታል።

«ሂሩት፣ እንዴት ነው ከእኛ ዛፍ ወደ እነሱ የሄደው?»

«ደረቆቹ ላይ ነው የሚከርመው» አለች ቀስ ብላ። «የበልግ ዝናብ ሲመጣ ብናኙ ይነሣል። ነፋስና ነፍሳት ወደ አበባው ይወስዱታል። ለዚህ ነው ጋሽ ጌታሁን በየዓመቱ በኅዳር የሚለቅሟቸው። የመጨረሻው ክረምት ራሳቸው ታመው ነበር፤ ባለፈው ኅዳር ደግሞ…»

ጥቅምት ላይ ሞተ። ኅዳር መጣ። ኅዳርን አስታወስኩት።

ጌታሁን ከተቀበረ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ አንድ ጠዋት ኦቦ ደበላ መሰላል ተሸክመው ደጃፌ ላይ ቆመው ነበር። «አዴ አልማዝ፣ ጌታሁን በዚህ ወር ደረቆቹን ያወርድ ነበር። ዛሬ እኔ ላውርድልሽ» አሉኝ። በሩን በግማሽ ከፍቼ ቆምኩ። በቤቱ ውስጥ ምንም ነገር ከቦታው አላነሣሁም ነበር። ባርኔጣው ምስማሩ ላይ፣ ጫማው ደረጃው ላይ፣ የተጀመረ ሳሙናው እንደተሰነጠቀ በሳህኑ ላይ። ሙት ዓመቱ እስኪወጣ ሁሉም እንዳለ ይቆያል ብዬ ለራሴ ወስኜ ነበር። «ኦቦ፣ እጁ የነካውን ዛፍ ዓመቱ ሳይወጣ ማንም አይነካውም» አልኳቸው። በእኛ ሰፈር ሐዘንተኛን ማንም አይከራከርም። «እሺ፣ ዋቃ ያጽናሽ» ብለው መሰላላቸውን ተሸክመው ተመለሱ።

ይህን ሁሉ ለሂሩት ነገርኳት። እሷም ላፕቶፑን ዘጋች።

«እትዬ፣ ሰዎቹ የጠየቁት ቅርንጫፉ በሽታ ነበረበት ወይ ብለው ነው። አልነበረበትም። ይህንኑ ጽፌ እሰጣለሁ። ከዚያ በላይ የጠየቀኝ የለም።»

ደግ ልጅ ናት። ያለችው ሐሰት አልነበረም። ስሙ ይጠራል፣ ሙት ዓመቱ ይወጣል፣ በሽታውም ከነፋስ የመጣ ይባላል። ሦስት ሰዓት ያህል ከዚያ ሐሳብ ጋር በግቢው ስዞር ቆየሁ። ለሸምሱ የገባሁት ቃል ብቻውን የሚያስገድደኝ አልመሰለኝም፤ ቃል ያፈረስኩባቸው ቀኖች አሉኝ። ያላስቀመጠኝ ሌላ ነው። ኦቦ ደበላ ዛፎቻቸው ከሥር የታመሙ መስሏቸው ሊቆርጧቸው ነው። ደረቆቹ ቢለቀሙ የሚድኑ ዛፎች ናቸው። ዝም ካልኩ ጌታሁን የሰነጠቃቸውና ያጣበቃቸው ሰባ ዛፎች በመጥረቢያ ይወድቃሉ።

ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ገባሁ። ሂሩት ተከተለችኝ። ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ።

መጀመሪያ ሂሩት ስለ ቅርንጫፉ ተናገረች። አዳራሹ አጉረመረመ። አንድ ሰው «አላልኳችሁም? ጌታሁን እንዲህ አያደርግም» አለ፤ ብሎ አያውቅም። ሸምሱ «እንኳን ወተቴ ፈሰሰ» አለና ሰው ሳቀ። ወደ እኔ መዞር ጀመሩ፤ አንዷ ትከሻዬን ዳበሰችኝ። ያኔ ብቀመጥ ነገሩ ያበቃ ነበር።

«አልጨረስንም» አልኩ። «በሽታው ወደ እናንተ የሄደው ከእኛ ግቢ ነው። የሄደውም ባለፈው በልግ ነው። ጌታሁን ከሞተ በኋላ።» ስለ ደረቆቹ ነገርኳቸው። ከዚያ ወደ ኦቦ ደበላ ዞርኩ። «ኦቦ፣ መሰላል ይዘው መጥተው ነበር። የመለስኩዎት እኔ ነኝ።»

ማንም አልሳቀም። ኦቦ ደበላ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተነሡ። «እንኳን ነገርሽን» የሚሉኝ መስሎኝ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ጠብቄዋለሁ።

«የጌታሁንን ስም አንሥቻለሁ፤ አጥፍቻለሁ፤ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅር ይበለኝ» አሉ። «የዘንድሮ ኮኬን ግን ማን ይመልስልኛል?»

«ነገ ጠዋት እመጣለሁ» አልኳቸው።

«ለምን?»

«ደረቆቹን ላወርድ።»

«ሰባ ዛፍ ነው፣ አዴ።»

«አውቃለሁ።»

በማግሥቱ ሄድኩ። ሰላምታ ሳይሰጡኝ መሰላሉን አሳዩኝ። አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። በሦስተኛው ቀን ሸምሱ ሱቁን ለባለቤቱ ትቶ መጣ። በአምስተኛው ቀን ኦቦ ደበላ ራሳቸው ከሥር ሆነው የቀረውን በከዘራቸው ያመለክቱኝ ጀመር። «እዚያ! ከቅጠሉ ኋላ! መምህርት ነሽ፣ አይታይሽም እንዴ?» ይሉኛል። ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም። የለቀምነውን ማታ ማታ እያቃጠልን እንለያይ ነበር። ሙት ዓመቱ በመካከሉ ዋለ። ኦቦ ደበላ መጥተው ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ ጠበል ቀምሰው ሄዱ።

ይህን የምታነቡ፣ ሰው የሞተባችሁ፣ ምክር የምሰጣችሁ እንዳይመስላችሁ። ሐዘን ቤት ገብቶ ይህን አንሡ፣ ያን ጣሉ የሚል ሰው እኔም አልወድም። የማውቀውን ብቻ ልንገራችሁ። ጌታሁን የነካው ሁሉ እንደነበረ እንዲቆይ ስጠብቅ፣ እሱ በየዓመቱ በእጁ የሚሠራውን ሥራ ነበር ያስቆምኩት። ባርኔጣው ምስማሩ ላይ ቢሰቀል ማንንም አልጎዳም። ዛፉ ግን ባርኔጣ አይደለም፤ እያደገና እየታመመ ነበር፤ እኔ ብቻ ነኝ የቆመ የመሰለኝ። ያ ማሽን ባልመጣ ኖሮ እስከ ዛሬ የኦቦ ደበላን አፍ ስወቅስ፣ የራሴን እጅ ሳላይ እኖር ነበር። አሁንም ብዙ አልረጋሁም። በልግ ሲያካፋ እነሣለሁ፣ እወጣለሁ፣ የሰው አጥር አሻግሬ አያለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አልደብቃችሁም። የኦቦ ደበላን ሰባ ዛፍ ስለቅም የራሴን ዛፍ አልነካሁም ነበር። ሂሩት ስልክ ደውላ «የግቢውንም ጨረሱ እትዬ?» ስትለኝ «ጨርሻለሁ» ብዬ ዋሸኋት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት መሰላሉን ከኦቦ ደበላ ተውሼ አመጣሁና ወጣሁ። ሁሉንም አወረድኩ። ጫፍ ላይ አንዲት ደረቅ ኮክ ቀረች፤ እሱ በሕይወት ሳለ ዛፉ ያፈራት፣ ታሞ መስኮት ሥር ተቀምጦ ያያት የነበረች። መሰላሉ ላይ ቆሜ በመዳፌ ያዝኳት። እንደ ገለባ ቀላል ነበረች። ከረጢቱ ውስጥ ጣልኳት።